የልጅዎን ውርወራ ማን ይደምራል?

የሚኖሩት አሜሪካ ሆኖ ልጅዎ በቤዝቦል ቡድኑ ውስጥ ፒቸር፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪ ከሆነ፣ ከውጤቱ በፊት ክንዱን ይከታተሉ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ክርኑ ላይ ገና ያልጠነከረ የአጥንት ማደጊያ ክፍል አለው። ኃይለኛ ውርወራ ሲበዛና ዕረፍት ሲያጥር ይህ ክፍል ይጎዳል።

ሊትል ሊግ የተባለው የልጆች ቤዝቦል ድርጅት ከ2007 ጀምሮ ውርወራ እንዲቆጠር አድርጓል። የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ በቀን ከ75፣ የ11 እና የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ85 በላይ እንዲወረውር አይፈቀድለትም። 66 እና ከዚያ በላይ ከወረወረ 4 ቀን ያርፋል፤ ከ51 እስከ 65 ከሆነ 3 ቀን።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ለሁለት ቡድን ሲጫወት ነው። ቅዳሜ አንዱ አሰልጣኝ 60 ቆጥሮ ያሰናብተዋል፤ እሑድ ሌላው ከዜሮ ይጀምራል። ሁለቱም በየበኩላቸው በትክክል ቆጥረዋል፤ የልጁ ክንድ ግን አንድ ነው። ድምሩን መያዝ የሚችሉት እርስዎ ነዎት።

ስለዚህ ቀኑንና ብዛቱን ስልክዎ ላይ መዝግበው ለሁለቱም አሰልጣኞች ያሳዩ። በወረወረበት ቀን ካቸር ሆኖ እንዳይሰለፍ ይጠይቁ፤ ካቸርም ኳሱን እየያዘ ደጋግሞ ይመልሳልና። በዓመት ቢያንስ 4 ወር ከውርወራ ይረፍ፤ ያኔ እግር ኳስ ይጫወት።

ክርኔን ወይም ትከሻዬን አመመኝ ካለዎት፣ ጨዋታው የዋንጫ ቢሆንም ያስወጡት፤ ሐኪም ሳያየውም አይመለስ። ልጆች ከሜዳ ላለመውጣት ሕመም ይደብቃሉ። ከጨዋታ በኋላ «አሸነፋችሁ?» ከማለትዎ በፊት «ክንድህ እንዴት ነው?» ይበሉት።