«ስንት ተተከለ?» ብቻ ሳይሆን «ስንት ጸደቀ?»

32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ብዙዎቻችን በአጭሩ «ኮፕ» የምንለው፣ በ2027 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ እንዲካሄድ ተወስኗል። ከዚያ በፊት በ2026 ስለ በረሃማነት የሚመክረው ጉባኤ ሞንጎሊያ፣ ስለ ብዝኃ ሕይወት የሚመክረው ደግሞ አርሜንያ ላይ ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። በእነዚህ ትልልቅ ስብሰባዎች ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋማት የሚያዘጋጇቸው ትንንሽ አውደ ጥናቶችም አይጠፉም። ምናልባት እናንተም አንዱ ላይ የመገኘት ዕድል ይገጥማችሁ ይሆናል።

እንዲህ ያለ አዳራሽ ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የምትሰሙት ነገር ቁጥር ነው። የተባበሩት መንግሥታት ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ «የሥነ ምህዳር ማገገም አስርት ዓመታት» ብሎታል። በ2022 ሞንትሪያል ላይ የተሰበሰቡ ሀገራት ደግሞ በ2030 ከተጎዱት ሥነ ምህዳሮች ቢያንስ 30 በመቶው ላይ ውጤታማ የማገገም ሥራ እንዲካሄድ ተስማምተዋል። ኢትዮጵያም በአንድ የአፍሪካ ሀገራት የጋራ ንቅናቄ ውስጥ 15 ሚሊዮን ሄክታር ለማገገም ቃል ገብታለች። ይህ ምን ያህል ነው? ከሀገሪቱ ስፋት ከሰባት አንድ እጅ ገደማ ማለት ነው። ቀላል አይደለም!

ግን አንድ ጥያቄ እዚህ ጋ ይመጣል። ለመሆኑ አንድ መሬት «አገገመ» የሚባለው መቼ ነው? ችግኝ ሲተከልበት? አረንጓዴ ሲሆን? ወይስ ሌላ ነገር አለ?

ሐኪም ቆዳ አይሠራም

ቁስል ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ብትሄዱ ሐኪሙ አዲስ ቆዳ ሠርቶ አይለጥፍላችሁም። ቁስሉን ያጥባል፣ ቆሻሻውን ያወጣል፣ ይሸፍነዋል። የቀረውን የሚሠራው የራሳችሁ ሰውነት ነው። የሥነ ምህዳር ማገገምም በጥሬው እንደዚህ ነው። በዘርፉ ያሉ ባለሙያዎች ትርጉሙን ሲያስቀምጡ «የተጎዳ፣ የተበላሸ ወይም የጠፋ ሥነ ምህዳር እንዲያገግም መርዳት» ይላሉ። ቁልፉ ቃል «መርዳት» የሚለው ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን እንትከል?» አይደለም። «መሬቱ ራሱ እንዳያገግም የያዘው ምንድን ነው?» ነው። መልሱ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሦስት የሀገራችንን ቦታዎች እንይ።

ደቡብ ጎንደር፦ አፈሩ ዘር የለውም

የደቡብ ጎንደርን ገጠር በሳተላይት ምስል ካያችሁት፣ ቡናማ ማሳ መሀል እዚህም እዚያም ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ይታያሉ። የቤተ ክርስቲያን ደኖች ናቸው። ዙሪያቸው ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን እነሱ የቀሩት፣ ሕዝቡ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር አድርጎ ስላከበራቸው ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጥቂት ሄክታር ቢሆኑ ነው። ኢትዮጵያዊው የደን ተመራማሪ ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቻቸው ጋር 28ቱን ሲያጠኑ ግን 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዝርያዎች አግኝተዋል።

ተመራማሪዎቹ አፈሩንም መረመሩ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ከደኑ አፈር ትወስዳላችሁ፣ ውሃ እያጠጣችሁ ምን እንደሚበቅል ትቆጥራላችሁ። ይሄ የአፈሩን «የዘር ክምችት» ያሳያል። ውጤቱ አሳሳቢ ነበር። የአብዛኞቹ የደን ዛፎች ዘር አፈሩ ውስጥ የለም! የብዙ አረሞች ዘር ዓመታት አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቆያል፤ የብዙ የደን ዛፎች ዘር ግን ወይ ቶሎ ይበቅላል ወይ ቶሎ ይሞታል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ደኑ አንዴ ከተጨፈጨፈ «ተዉት፣ ራሱ ይበቅላል» ማለት አይሠራም። ዘር የምትሰጥ እናት ዛፍ በአቅራቢያ መኖር አለባት። እነዚያ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ለዙሪያው መሬት የዘር ጎተራ ናቸው ማለት ነው።

ጎተራው ራሱ ግን አደጋ ላይ ነበር። ከብት ወደ ደኑ ሲገባ ገና የበቀለውን ችግኝ ይበላል፣ ይረግጣል። ትልልቆቹ ዛፎች ቆመው ስለሚታዩ ደኑ ጤነኛ ይመስላል። ከሥራቸው ግን ተተኪ የለም። ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩበትና ልጅ የማይታይበት መንደር ዓይነት ነው። ከብት እንዳይገባ አጥር የተሠራበትና ያልተሠራበት ቦታ በጥድ፣ በወይራ፣ በሎልና በጥቁር እንጨት ችግኞች ሲነጻጸር፣ አጥር የችግኙን ዕጣ እንደሚለውጥ ታይቷል።

እዚህ ላይ ነው አውደ ጥናት ቁም ነገር የሠራው። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ካህናትን ሰብስበው ከአየር ላይ የተነሱ ምስሎችን አሳዩ። ካህናቱ ደናቸውን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ከላይ አይተውት ግን አያውቁም ነበር። ምን ያህል እንደጠበበና ዙሪያው ምን ያህል እንደተራቆተ በዓይናቸው አዩ። ከዚያ መፍትሔ ሆኖ የመጣው የድንጋይ ካብ ነው። ድንጋዩ ከየት መጣ? ከገበሬው ማሳ ተለቅሞ! ማሳው ለእርሻ ተመቸ፣ ደኑም ተከበረ። ሳይንቲስቶቹ ስለ ዘርና ስለ ችግኝ ያውቃሉ፣ ካህናቱ ደግሞ ሰዉን ማስተባበር ያውቃሉ። ሁለቱ አንድ ክፍል ውስጥ ባይቀመጡ ኖሮ ጥናቱ መደርደሪያ ላይ ይቀር ነበር።

ትግራይ፦ ቁጥቋጦው ሞግዚት ነው

ሁሉም ቦታ ግን አጥር ብቻውን አይበቃም። በትግራይ ብዙ ተራራማ መሬቶች ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ሆነው እንዲያገግሙ ተደርገዋል። ሣሩና ቁጥቋጦው ቶሎ ይመለሳል፤ እንደ ወይራ ያሉት የጥንቱ ደን ዛፎች ግን ይዘገያሉ።

ብዙ ጊዜ ችግኝ ለመትከል መጀመሪያ የሚደረገው ቁጥቋጦውን መመንጠር ነው። እዚያ የተደረገ ጥናት ግን ተቃራኒውን ይመክራል። እንደ ደደሆ ባሉ ቁጥቋጦዎች ጥላ ሥር የተተከሉ የወይራ ችግኞች፣ ገላጣ ላይ ከተተከሉት በተሻለ ይጸድቃሉ። ለምን? ጥላው የበጋውን ፀሐይ ያበርድላቸዋል። የወይራ ፍሬ የበሉ ወፎችም ቁጥቋጦ ላይ ሲያርፉ ዘሩን እዚያው ይጥሉታል። «ምንም አይጠቅምም» ተብሎ የሚመነጠረው ቁጥቋጦ ለካ የደኑ ሞግዚት ኖሯል!

ሁምቦ፦ ደኑ ከመሬት በታች ነበር

በወላይታ ሁምቦ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። እዚያ ተራራው ተራቁቶ ጎርፍ ሲያስቸግር፣ አፈሩ ውስጥ ግን የተቆረጡ ዛፎች ሥርና ጉቶ በሕይወት ነበሩ። በየዓመቱ ያቆጠቁጣሉ፣ በየዓመቱም ለማገዶና ለከብት ይቆረጣሉ። መፍትሔው ቡቃያውን መርጦ መግረዝ፣ ጠንካራውን ማስቀረትና መጠበቅ ሆነ። በዚህ መንገድ 2,728 ሄክታር መሬት ወደ ደን እንዲመለስ ተደርጓል፤ አብዛኛው በአዲስ ችግኝ ሳይሆን ከነባሩ ጉቶ ነው። ሥራው በ2009 በዓለም አቀፍ የካርቦን ንግድ ሥርዓት ተመዝግቦ፣ ደኑን በሚጠብቁት ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለአካባቢው ገቢ ማስገኘት ችሏል።

ሦስቱን አስተያዩአቸው። አንዱ ጋ ዘር የለም፣ አንዱ ጋ ጥላ ያስፈልጋል፣ አንዱ ጋ ሥሩ ዝግጁ ነው። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ችግኝ በጭነት መኪና ብንልክ ምን እናተርፍ ነበር?

ወጪውን የሚሸከመው ማን ነው?

አዳራሽ ውስጥ ቶሎ የሚታለፍ አንድ ነገር አለ። መሬት ሲከለል የአንድ ሰው ላም የምትግጥበት ቦታ ይጠፋል። ማገዶ የምትለቅም እናት ወይም እህት ረጅም መንገድ ትሄዳለች። ደኑ ጥቅም የሚሰጠው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ላሟ ግን ዛሬ ትራባለች።

ስለዚህ የሚሳካ ሥራ ይህን ወጪ አስቀድሞ ያስባል። ከተከለለው ቦታ ሣር እያጨዱ ለከብት መውሰድ አንዱ መንገድ ነው። ንብ ማነብም ሌላው ነው። የመሬቱ የመጠቀም መብት የማን እንደሆነ ግልጽ ካልሆነ ደግሞ፣ ሰው ነገ ሊወሰድበት ለሚችል ዛፍ ዛሬ አይደክምም። ይህ ከሳይንሱ ውጭ የሆነ ጉዳይ አይደለም፤ ችግኙ የሚጸድቀውም የሚሞተውም በዚህ ነው።

እናንተ ምን ትጠይቃላችሁ?

በሚቀጥሉት ዓመታት ብዙ ቁጥር ትሰማላችሁ፤ ይህን ያህል ሚሊዮን ችግኝ፣ ይህን ያህል ሄክታር። ቁጥሩ ራሱ ክፉ አይደለም። ግን አውደ ጥናት ላይ የጥያቄ ሰዓት ሲደርስ እጃችሁን አውጡና እነዚህን ጠይቁ፦

- ከተተከለው ውስጥ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሞ ተገኘ? ማን ቆጠረው?
- ዝርያው የአካባቢው ነው? ባሕር ዛፍ ለቤትና ለማገዶ ይጠቅማል፤ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት መሬት ግን ደን ሳይሆን ማሳ ነው።
- ሳይተከል ራሱ ሊመለስ የሚችል ነገር እዚያ አልነበረም?
- መሬቱ ሲከለል ምን ያጡ ሰዎች አሉ? በምን ተካሳችኋቸው?

ጉባኤ እስኪደርስም መጠበቅ የለባችሁም። ትምህርት ቤታችሁ ወይም ሰፈራችሁ ውስጥ ባለፈው ክረምት ችግኝ ተተክሎ ከነበረ፣ በበጋው መጨረሻ ደብተርና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ። የቆመውን፣ የደረቀውን፣ የተበላውን ለይታችሁ ቁጠሩ። የጸደቁት ጥላ ሥር ናቸው ወይስ ገላጣ ላይ? አጥር አላቸው? በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቦታ ድገሙት። ተመራማሪዎችም የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ እናንተ የምትቆጥሩትን ቦታ ግን እስካሁን ማንም አልቆጠረው ይሆናል።