ወደ ሂማላያ ለሚጓዝ ሰው፦ ከኪሎ ሜትር በፊት ከፍታን መቍጠር

በቅርቡ አንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ወዳጄ ለዓመት ፈቃዱ ያዘጋጀውን የጉዞ ዕቅድ አምጥቶ አሳየኝ። ሊሄድ ያሰበው በሰሜን ሕንድ፣ በሂማላያ ተራሮች ጀርባ ወዳለችው ወደ ላዳክ ነው። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ በመጀመሪያው ቀን ከዴልሂ በአውሮፕላን ወደ ሌህ ከተማ፤ በሁለተኛው ቀን ወደ ካርዱንግ ላ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ፓንጎንግ ሐይቅ፤ በአምስተኛው ቀን መመለስ። «ከፍታውን አስበህበታል ወይ?» ብለው፣ «እኔ የደጋ ልጅ፤ ከፍታ ምን ያደርገኛል!» ብሎ ሳቀ።

አንባቢ ሆይ፤ አንተም እንዲሁ የምታስብ እንደ ሆነ ሻንጣህን ከማሰናዳትህ በፊት ቍጥሩን ተመልከት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ናት። ሌህ ግን 3,500 ሜትር፣ ፓንጎንግ ሐይቅ ወደ 4,250 ሜትር ይደርሳሉ። በዚያ አገር ቋንቋ «ላ» ማለት እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» የምንለው የተራራ መተላለፊያ ነው፤ ካርዱንግ ላም 5,359 ሜትር ነውና ከራስ ዳሸን በ800 ሜትር ያህል ይበልጣል። በቦታው ለብዙ ዘመን የቆመው ሰሌዳ 5,602 ይል ነበር፤ በኋላ በተደረገው ልኬት ግን ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ያም ሆነ ይህ፣ የአዲስ አበባ ደጋነት ለዚህ ከፍታ ዋስትና አይሆንም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ከፍ ባልን ቍጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክሲጅን ያንሳል። በሌህ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሁለት ሦስተኛው ብቻ ነው፤ በካርዱንግ ላ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰውነት ይህን ሊለምድ ይችላል፤ ለመልመድ ግን ቀናት ይፈልጋል። ጊዜ ያልሰጠው ሰው በመጀመሪያ ራሱን ያመዋል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍም ይነሣዋል። ምልክቱን ንቆ ወደ ላይ የቀጠለ እንደ ሆነ ሳንባው ወይም አንጎሉ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ይህም ገዳይ ነው። ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ያጠረው፣ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ወይም የሚቀባዥር መንገደኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ታች መውረድ አለበት። ሐኪም የሚያዝዘው አሴታዞላማይድ የተባለ መድኃኒት ይረዳል፤ የዕረፍትን ቦታ ግን አይተካም።

ሐኪሞች የሚመክሩት ደንብ አጭር ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታህ ቦታ ከአንዱ ሌሊት ወደሚቀጥለው ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ሳትወጣ ዕረፍ። የሚቆጠረው ቀን ያለፍክበት ሳይሆን ሌሊት ያደርክበት ከፍታ መሆኑን ልብ በል።

ጊዜ ያለው ሰው ከ1,585 ሜትሯ ስሪናጋር በመኪና ተነሥቶ፣ በ2,676 ሜትሯ ካርጊል አድሮ ሌህ ቢገባ ቀስ በቀስ ይለምዳል፤ መንገዱ 420 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለ ጸጥታው ግን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ከማናሊ የሚነሣው መንገድ ውበቱ ቢያስደንቅም፣ ብዙዎች የሚያድሩበት ሳርቹ ከሌህ እንኳ ከፍ ስለሚል ለጀማሪ አይመከርም።

በአውሮፕላን ለሚሄድ ግን ዕቅዱ እንዲህ ቢሆን መልካም ነው። ሦስቱን ቀን በሌህ ይቆይ፤ በመጀመሪያው ቀን ምንም አይሥራ፤ በኋላ በ17ኛው መቶ ዓመት የተሠራውን ባለ ዘጠኝ ፎቅ ቤተ መንግሥትና የቲክሴን ገዳም ቀስ ብሎ ይጐብኝ። በአራተኛው ቀን ከሌህ ዝቅ ወደምትለው ወደ አልቺ ወርዶ የጥንቱን የግድግዳ ሥዕል ይመልከት። በአምስተኛው ቀን ካርዱንግ ላን ሳይዘገይ ተሻግሮ ወደ ኑብራ ሸለቆ ይውረድ። ዲስኪት ከሌህ ዝቅ ስለምትል በዚያ ሁለት ሌሊት ማደር ይቻላል፤ አጠገቧም በአሸዋው ላይ ሁለት ሻኛ ያላቸው ግመሎች ይታያሉ። በሰባተኛው ቀን ወደ ሌህ ይመለስ፤ በስምንተኛው በታንግሴ መንደር አድሮ፣ በዘጠነኛው ፓንጎንግ ይድረስ። ኑብራንና ፓንጎንግን ለማየት የውጭ አገር ሰው ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋልና ይህ በሌህ ቆይታው ይፈጸም።

ወራቱስ? ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ መንገዶቹ ከበረዶ ነጻ ይሆናሉ፤ ይህም ለተማሪው ከክረምቱ ዕረፍት ጋር ይገጥምለታል። ለምግብም እንግድነት አይሰማህም። በቅቤና በጨው የሚጠጣው ሻይ ለጊዜው ቢያስገርምህም፣ የተቆላው የገብስ ዱቄት የራሳችን በሶ ነው። ሰው ስታገኝ «ጁሌ» በል፤ ሰላምታም ምስጋናም ነው።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ ዕቅዱን እንደገና ጻፈው። አምስቱ ቀን ዐሥራ አንድ ሆነበት፤ ፈቃዱ ግን ይህን ያህል አልነበረም። እርሳሱን ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ የሰረዘው ፓንጎንግን ነው እንጂ የሌህን ዕረፍት አይደለም። መልካም አደረገ። ሐይቁ የትም አይሄድም፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳልና እሱም በሌላ ዓመት፣ በደህና ትንፋሽ ይደርስበታል።