ክብደት ሲቀንስ ታካሚው በገዛ አካሉ ላይ የሚያስተውላቸው ለውጦችና የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

«ከሳ» እና «ክብደት ቀነሰ» የሚሉት አነጋገሮች በሚዛን ላይ የሚያሳዩት ውጤት አንድ ቢሆንም፣ በብዙ ሰው ዘንድ ትርጉማቸው የተለያየ ነው። ከሳ የተባለ ሰው አንድም ታሟል፣ አንድም ኑሮ ከብዶታል ተብሎ ይታሰባል። ክብደት ቀነሰ የተባለው ግን አውቆና ፈልጎ ያደረገው እንደ ሆነ ይገመታል። ውፍረት ለረጅም ጊዜ የድሎትና የጤንነት ምልክት ሆኖ በቆየበት ኅብረተሰባችን ውስጥ «ምነው ከሳህ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ጋር ተያይዞ የሚቀርብ፣ ሥጋትም የተቀላቀለበት ጥያቄ ነው። በኤች.አይ.ቪ. ወረርሽኝ አስከፊ ዓመታት ደግሞ መክሳት ብቻውን እንደ ምርመራ ውጤት ተቆጥሮ ብዙ ሰዎችን ለመገለል ዳርጓል።

ዛሬ በተለይ በከተሞች የሚታየው ሁኔታ በከፊል ተለውጧል። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ብዙ ታካሚዎች ክብደት እንዲቀንሱ የሚያዘው ሐኪሙ ራሱ ነው። ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ የስኳር በሽታ መከላከያ ጥናት፣ የክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ አካላዊ እንቅስቃሴ ለማድረግ የታገዙ ሰዎች በስኳር በሽታ የመያዛቸው ዕድል በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

ስለሆነም አንድ ዓይነት የአካል ለውጥ የመልካም ውጤት ምልክትም፣ የከባድ በሽታ ማስጠንቀቂያም ሊሆን ይችላል። ለውጡን ቀድሞ የሚያየው ታካሚው ነው፤ ባለሙያው የሚያገኘው ግን በወራት አንድ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ክብደት በሚቀንስበት ወቅት በአካል ላይ የሚታዩ ለውጦችን ከነምክንያታቸው ያብራራል፤ ከእነዚህም የትኞቹ የሚጠበቁ፣ የትኞቹ ደግሞ አፋጣኝ ትኩረት የሚሹ እንደ ሆኑ ለማመልከት ይሞክራል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚወርደው ምንድን ነው?

ምግቡን የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ኪሎ ግራም ያህል መቀነሱን አይቶ ሊደሰት ይችላል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ውኃ ነው። በአዋቂ ሰው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ከ400 እስከ 500 ግራም የሚደርስ ግላይኮጅን ይከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ግላይኮጅን ደግሞ ወደ 3 ግራም ውኃ ይዞ ይቀመጣል። ይህ ክምችት ሲያልቅ ውኃውም አብሮ ይወጣል። ከዚህ በተጨማሪ የኢንሱሊን መጠን ሲቀንስ ኩላሊት ብዙ ጨው ያስወግዳል። ታካሚው በእነዚህ ቀናት ሽንት ቶሎ ቶሎ መጣብኝ፣ ከተቀመጥኩበት ስነሣ ራሴን አዞረኝ ቢል ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ስብ የሚቀንሰው ከዚህ በዝግታ ነው። በአንድ ኪሎ ግራም የአካል ስብ ውስጥ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ የሚጠጋ ኃይል ተከማችቷል። በመሆኑም በየቀኑ ከሚያስፈልገው 500 ኪሎ ካሎሪ አጉድሎ የሚመገብ ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ግራም ገደማ ይቀንሳል ተብሎ ይጠበቃል። የሚቃጠለው ስብ የት እንደሚሄድም ታካሚዎች ብዙ ጊዜ ይጠይቃሉ። 10 ኪሎ ግራም ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ግራም ወደ ውኃነት ይለወጣል። ስለዚህ በስቲምና በሳውና በላብ የሚወርደው ክብደት ስብ አይደለም፤ ውኃ ሲጠጣ ይመለሳል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ሚዛኑ አንድ ቦታ ይቆማል። ታካሚው ይህን እንደ ሽንፈት ይቆጥረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም ባለሙያው ታካሚው ምክሩን እንደ ተወ አድርጎ ይጠረጥራል። እውነቱ ግን የቀለለ አካል የሚፈልገው ኃይል አነስተኛ መሆኑ ነው። በ1994 እ.ኤ.አ. የታወቀው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን የሚመነጨው ከስብ ሕዋሳት በመሆኑ፣ ስብ ሲቀንስ መጠኑ ይወርዳል፤ አንጎልም ይህን እንደ ረኃብ ዘመን ተርጉሞ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፣ የኃይል ወጪንም ይቆጥባል። ይህን አስቀድሞ ለታካሚው መንገር ተስፋ እንዳይቆርጥ ይረዳል።

ከሚዛን ሌላ ያሉ መለኪያዎች

በአዲስ አበባ መንገዶች ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡ ልጆች ዘንድ በሳንቲም መመዘን የተለመደ ነው። ሚዛኖቹ ግን እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ ታካሚውም ጫማና ካፖርት እንደለበሰ፣ አንድ ቀን በጧት ሌላ ቀን ከምሳ በኋላ ይመዘናል። ስለሆነም በአንድ ሚዛን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በቀላል ልብስ፣ በሳምንት አንድ ጊዜ መመዘን በየቀኑ ከመመዘን ይልቅ እውነተኛውን አቅጣጫ ያሳያል።

ልብስ ከሚዛን ይልቅ ታማኝ ምስክር የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቀበቶ አንድ ቀዳዳ ሲያልፍ፣ የሸሚዝ አንገትጌ ሲሰፋ፣ ቀለበት ከጣት ሲላላ ታካሚው ልብ ይላል። በሆድ ዕቃ ዙሪያ የተከማቸው ስብ ከቆዳ ሥር ካለው ይልቅ ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ ሚዛኑ ባይወርድም ወገብ ሊጠብ ይችላል። የወገብ ዙሪያ የሚለካው በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት አናት መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። ሜትር የሌለው ታካሚ አንድ ገመድ ቋጥሮ ሊጠቀም ይችላል።

የአቅም ለውጥም መለኪያ ነው። ደረጃ ሲወጣ የነበረው ትንፋሽ ማጠር ይቀንሳል፤ ማንኮራፋት ይቀላል፤ የጉልበት ሕመምም ይታገሣል። አንድ ኪሎ ግራም ክብደት ሲቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ግራም ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። በተቃራኒው ኪሎው እየወረደ ከወንበር ለመነሣት እጅን መደገፍ የሚያስፈልገው ታካሚ ከስቡ ይልቅ ጡንቻውን እያጣ ሊሆን ይችላል። ከሚቀንሰው ክብደት አንድ አራተኛ ያህሉ ጡንቻን ጨምሮ ስብ ያልሆነ የአካል ክፍል ነው። ይህን ለመቀነስ የጡንቻ ማጠንከሪያ እንቅስቃሴና በቂ ፕሮቲን ያስፈልጋሉ። በጾም ወቅት ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና አተር ይህን ጉድለት ሊሸፍኑ ስለሚችሉ፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ወጡን ትቶ እንጀራውን ብቻ መብላት ትክክል አይደለም።

የሚጠበቁ ሆነው ሳለ የሚያስደነግጡ ለውጦች

በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ በአንሰል ኪስ መሪነት የተካሄደው ጥናት በዚህ ረገድ ትልቅ ትምህርት ሰጥቷል። 36 ፈቃደኛ ጤነኛ ወጣቶች ለ24 ሳምንታት ምግባቸው ተቀንሶ ከክብደታቸው አንድ አራተኛ ያህል እንዲቀንሱ ተደረገ። ወጣቶቹ ብርድ ይሰማቸው ጀመር፤ የልብ ምታቸው ዘገየ፤ ፀጉራቸው ሳሳ፤ እግራቸው አበጠ፤ ብስጩና ቁዝም ያሉ ሆኑ፤ ሐሳባቸው ሁሉ ስለ ምግብ ሆነ። እነዚህ ምልክቶች ከምግብ እጥረት የመጡ እንጂ የተለየ በሽታ አልነበሩም። ክብደቱን በፍጥነት የሚቀንስ ታካሚም ከእነዚህ አንዳንዶቹን ሊያይ ይችላል።

በተለይ የፀጉር መርገፍ ሴቶችን ያስጨንቃል። መርገፉ የሚታየው ክብደት በፍጥነት ከቀነሰ ከ2 እስከ 3 ወራት በኋላ ስለሆነ ታካሚዋ ሁለቱን አታያይዛቸውም። ምክንያቱ ብዙ የፀጉር ሥሮች በአንድ ጊዜ ወደ ዕረፍት ደረጃ መግባታቸው ሲሆን፣ ምግቡ ሲስተካከል ፀጉሩ በወራት ውስጥ ይመለሳል። ሆኖም የደም ማነስንና የታይሮይድ ሕመምን ማጣራት ተገቢ ነው። የወር አበባ መቋረጥ ግን ሊናቅ አይገባም። እርግዝና መኖር አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ፣ አካል ከአቅሙ በላይ ኃይል እያጣ መሆኑን የሚያመለክት ስለሆነና አጥንትንም ስለሚያሳሳ ክብደት የመቀነሱ ጥረት ሊገታ ይገባል።

በሳምንት ከ1.5 ኪሎ ግራም በላይ የሚቀንስ ሰው በሐሞት ጠጠር የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። ከምግብ በኋላ በቀኝ የጎድን አጥንት ሥር የሚሰማ፣ ወደ ትከሻ የሚወጣ ሕመም ሲገጥም «ጨጓራ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ይህን ማሰብ ይገባል። እንደ ሴማግሉታይድ ያሉ አዳዲስ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎችም ለማቅለሽለሽ፣ ለትውከትና ለሐሞት ጠጠር የተጋለጡ ናቸው። መድኃኒቱ ከውጭ አገር በዘመድ እጅ ሊመጣ ስለሚችል ባለሙያው ጠይቆ ማወቅ ይኖርበታል።

መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ

ክብደት ሲቀንስ ትናንት ተስማሚ የነበረው የመድኃኒት መጠን ነገ ሊበዛ ይችላል። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግቡን ሲቀንስ ደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ የልብ መምታትና ብርቱ ረኃብ ሲሰማው «የጾም ድካም ነው» ብሎ ይታገሣል። ከሰዓት በኋላ ድረስ ሳይበሉ በሚቆዩበት በዓቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በረመዳንም ወር ይህ አደጋ ይበልጥ ይጨምራል። ስለዚህ የመጠን ማስተካከያው መደረግ ያለበት ጾሙ ሳይገባ፣ ምግቡም ከመቀነሱ በፊት ነው። ምልክቱ ሲመጣ ወዲያውኑ ስኳር ያለው ነገር መውሰድ ሕይወት የሚያድን እንደ ሆነ ለታካሚውና ለቤተሰቡ ሊነገር ይገባል።

የደም ግፊትም እንዲሁ በአንድ ኪሎ ግራም 1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ያህል ይወርዳል። መድኃኒቱ ሳይቀነስ የቀጠለ ታካሚ ሲቆም ራሱን ሊያዞረው ብሎም ሊወድቅ ይችላል፤ ስለዚህ ግፊቱ ተቀምጦም ቆሞም ሊለካ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቶች መጠን በክብደት ስለሚወሰን፣ በሕክምና ላይ ያለ ሰው ክብደቱ በየጊዜው መመዝገብ አለበት።

ያልታቀደ መክሳት

ሳይታሰብ ከ6 እስከ 12 ወራት ውስጥ ከክብደት 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ መቀነስ ምርመራ የሚያስፈልገው ምልክት ነው። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው ይህ 3 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። የቀድሞ ክብደቱ ካልተመዘገበ የቀበቶው ቀዳዳ፣ የድሮ ፎቶግራፉና ለረጅም ጊዜ ያላየው ዘመድ የሚሰጠው አስተያየት እንደ ማስረጃ ሊወሰዱ ይችላሉ። ታካሚውና አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ለውጡን ቀስ በቀስ ስለሚያዩት ላያስተውሉት ይችላሉ።

የምግብ ፍላጎት መንገድ ይመራል። እየበላ የሚከሳ ሰው የስኳር በሽታ፣ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛት ወይም የአንጀት ምግብን በሚገባ አለመምጠጥ ሊኖርበት ይችላል። ፍላጎቱ ጠፍቶ የሚከሳው ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ፣ ካንሰር፣ የኩላሊት ድክመት ወይም ድባቴ ሊኖርበት ይችላል። ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና መክሳት በሳንባ ነቀርሳ ማጣሪያ የሚጠየቁ አራቱ ምልክቶች ናቸው፤ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር በሚኖር ሰው ላይ አንዱ ብቻ መኖሩ ለምርመራ በቂ ነው።

ሚዛንም ሊያታልል ይችላል። የጉበት ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በሆዱና በእግሩ ውኃ ስለሚቋጥር ኪሎው አይወርድም፤ ይጨምርም ይሆናል። ክንዱና ጭኑ መቅጠናቸው፣ ጉንጩ መጉደጉ ግን እውነቱን ይናገራሉ። የስብ ቦታ መለወጥም ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። በኢትዮጵያ ነፃ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና በ2005 እ.ኤ.አ. ከተጀመረ በኋላ በስፋት ይሰጥ የነበረው ስታቩዲን የፊትን፣ የክንድንና የእግርን ስብ ያመነምን ነበር። ይህን ለውጥ በመስተዋት ያየ ሰው «ፊቴ ምሥጢሬን አወጣብኝ» ብሎ መድኃኒቱን ለማቋረጥ ይፈተን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. መድኃኒቱ ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል።

ከሁሉ ይበልጥ በቀላሉ የሚታለፈው ግን ወፍራም ሆኖ የሚከሳው ሰው ነው። ክብደት እንዲቀንስ የተመከረ ታካሚ በሚቀጥለው ቀጠሮ 8 ኪሎ ግራም ቀንሶ ሲመጣ ባለሙያው ያመሰግነዋል፤ ጎረቤቱም «አማረብህ» ይለዋል። ታካሚው ግን ምግቡን ሳይቀንስ፣ እንቅስቃሴም ሳይጨምር ክብደቱ ወርዶ ከሆነ፣ የስኳር በሽታው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ፣ ወይም ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ አዲስ የስኳር በሽታ ከታየበት የጣፊያ ካንሰር ጀምሮት ሊሆን ይችላል። የተፈለገ ውጤት ሁሉ ተሠርቶ የመጣ ውጤት አይደለም።

በቀጠሮ ጊዜ ሊጠየቁ የሚገባቸው ነጥቦች

1. ክብደቱ የቀነሰው በታካሚው ጥረት ነው? ምን ለወጠ? መቼስ ጀመረ? የቀነሰው ክብደት ካደረገው ለውጥ ጋር ይመጣጠናል?

2. የምግብ ፍላጎቱ እንዴት ነው? ጥማት፣ የሽንት መብዛት፣ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ተቅማጥ፣ የመዋጥ ችግር አለው?

3. ከአካሉ የትኛው ክፍል እንደ ቀነሰ አስተውሏል? ጉልበቱስ ጨምሯል ወይስ ደክሟል?

4. የሚወስዳቸው መድኃኒቶችና መጠናቸው ምንድን ናቸው? ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚወስደው ነገርስ አለ?

5. ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም በቤቱ የምግብ እጥረት አለ? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ታካሚውን ሊያሳፍር ስለሚችል ለብቻው፣ በጥንቃቄና በአክብሮት ሊቀርብ ይገባል።

ማጠቃለያ

ታካሚው በቀበቶው፣ በመስተዋቱና በጉልበቱ የሚያነበው ለውጥ በላቦራቶሪ ከሚገኘው ውጤት ቀድሞ የሚደርስ መረጃ ነው። የባለሙያው ድርሻ የሚጠበቀውን ለውጥ አስቀድሞ ማስረዳት፣ በየቀጠሮው ክብደትንና የወገብ ዙሪያን በካርድ ላይ መመዝገብ፣ መድኃኒትን ከአዲሱ ክብደት ጋር ማስተካከል፣ ከሁሉም በላይ «እንዴት ቀነሱ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ «እኔም አላውቅም» የሚል መልስ ከተገኘ፣ ታካሚው ቢደሰትም እንኳ ምርመራው መጀመር ያለበት በዚያው ቀን ነው።