ጦርነት የወሰደባትን ዘመን በትዕግሥት የካሰች ሴት፤ የጂምናስቲክ ባለድል የአግኔስ ኬሌቲ ታሪክ

በመዝለል፣ በመንጠላጠልና በመገለባበጥ የሚታየው የጂምናስቲክ ጥበብ የልጅነት ሥራ መሆኑን የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። አጥንት ሳይጠና በልጅነት ካልተጀመረ አይሠምርም፤ ሠላሳ ዓመት የሞላትም ሴት ስፍራውን ለታናናሾቿ መልቀቋ የተለመደ ነው። አግኔስ ኬሌቲ የምትባል የሁንጋርያ ተወላጅ ግን ከዚህ ልማድ የተለየች ሆነች። ከ10 የኦሎምፒክ ሜዳልያዎቿ የመጀመሪያውን ያገኘችው በ31 ዓመቷ፣ የመጨረሻውንም በ35 ዓመቷ ነው። የዘገየችውም በስንፍና አይደለም፤ ዘመኑ በሩን ስለ ዘጋባት ነው እንጂ። ለወላጆችም ለልጆችም ትምህርት ይሆን ዘንድ ታሪኳን በአጭሩ እናቀርባለን፤ የዘመኑም ቍጥር ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አግኔስ ጃንዋሪ 9 ቀን 1921 ዓ.ም. በቡዳፔስት ከተማ ከአይሁድ ወገን ከሆኑ ወላጆች ተወለደች። የቤተ ሰቧ ስም ክላይን ነበረ፤ በኋላ ግን ኬሌቲ በሚል የሁንጋርያ ስም ለወጠችው፤ ትርጓሜውም «ምሥራቃዊ» ማለት ነው። ገና በ4 ዓመቷ ጂምናስቲክን ጀመረች፤ ቼሎ የሚባለውንም ባለ አራት አውታር ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ተማረች። በ16 ዓመቷ የአገሯን ሻምፒዮና አሸነፈች። ከዚያ ወዲያ የእሷም የወዳጆቿም ተስፋ በ1940 ዓ.ም. ሊደረግ ወደ ታሰበው ኦሎምፒክ ነበረ።

ያ ኦሎምፒክ አስቀድሞ ለቶኪዮ፣ በኋላም ለፊንላንድ ዋና ከተማ ለሄልሲንኪ ተሰጥቶ ሳለ የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ቀረ። ለ1944 ዓ.ም. ለሎንዶን የተወሰነውም እንዲሁ ቀረ። በስፖርት ሴት ዕድሜ ከሁሉ የሚበልጡት ዓመታት እነዚህ ነበሩ፤ ነገር ግን ከዚህ የባሰ መከራ መጣ። በአይሁድ ላይ በወጣው ሕግ ምክንያት በ1941 ዓ.ም. ከስፖርት ማኅበሯ ተባረረች። በ1944 ዓ.ም. በማርች ወር የጀርመን ጦር ሁንጋርያን በያዘ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የሞትና የሕይወት ሆነ።

ባል ያላቸው ሴቶች ለግዳጅ ሥራ አይወሰዱም የሚል ወሬ ስለ ሰማች፣ ኢስትቫን ሻርካኒ የተባለውን የጂምናስቲክ ሰው በችኰላ አገባች፤ ይህም ጋብቻ በ1950 ዓ.ም. ፈረሰ። ቀጥሎም የአንዲት ክርስቲያን ልጃገረድ የመታወቂያ ወረቀት በገንዘብ ገዝታ፣ ስሟን ለውጣ ወደ ገጠር ሄደች፤ በዚያም ማንነቷን ሰውራ በቤት ሠራተኛነት ኖረች። ትናንት በሕዝብ ፊት የተጨበጨበላት ባለድል የሰው ቤት ስትጠርግ፣ ከማንም ዓይን እንዳትገባ ስትጠነቀቅ ዋለች። እናቷና እኅቷ በስዊድን ዲፕሎማት በራውል ዋለንበርግ እርዳታ ከሞት ዳኑ። አባቷና ሌሎች ዘመዶቿ ግን በአውሽዊትዝ ተገደሉ።

ጦርነቱ ሲያልቅ አግኔስ ቼሎ እየመታች እንጀራዋን ታበስል ጀመር፤ ወደ ልምምዷም ተመለሰች። በ1948 ዓ.ም. ለሎንዶን ኦሎምፒክ ተመርጣ ከአገሯ ልጆች ጋራ ሄደች፤ ነገር ግን ውድድሩ ሊጀመር ሲል የቍርጭምጭሚቷ ጅማት ተበጠሰ። ያን ጊዜ 27 ዓመቷ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ዕድሌ ይህ ነው ብሎ በተወው ነበር። እሷ ግን ቍስሏን አስታማ፣ ሌላ 4 ዓመት ለመሥራት ቈረጠች።

በ1952 ዓ.ም. ኦሎምፒክ በሄልሲንኪ ተደረገ። በ19 ዓመቷ ልትሄድበት ተስፋ አድርጋ ወደ ነበረው ከተማ በ31 ዓመቷ ደረሰች ማለት ነው። በዚያም ያለ መሣሪያ በወለል ላይ በሚደረገው ውድድር የወርቅ፣ ከቡድኗም ጋራ የብር ሜዳልያ አገኘች፤ ሁለት የነሐስም ጨመረች። በ1954 ዓ.ም. በሮማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና፣ አንዱ ከፍ ሌላው ዝቅ ብለው በተተከሉት ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ላይ በሚደረገው ውድድር አንደኛ ወጣች።

ከሁሉ የሚበልጠው ድሏ ግን በ1956 ዓ.ም. በአውስትራሊያ፣ በሜልቦርን የተገኘው ነው። አገራችን ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችበት ኦሎምፒክ ይኸው ነበረ። አግኔስ በ35 ዓመቷ 4 የወርቅና 2 የብር ሜዳልያ አነሣች። ከነዚህም አንዱ ስፋቱ ከሰው መዳፍ እምብዛም በማይበልጥ አግዳሚ እንጨት ላይ በመዝለልና በመዞር የተገኘ ነው፤ በዚህ ላይ አንዲት ቅጽበት ልብ ከባከነ መውደቅ ነው። በወለሉ ውድድር ደግሞ ከሶቭየቷ ተወዳዳሪ ከላሪሳ ላቲኒና ጋራ እኩል ነጥብ አግኝተው ሁለቱም ወርቅ ተሸለሙ፤ ላቲኒና ያን ጊዜ 22 ዓመት የሞላት አልነበረችም። ከአግኔስ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት እስከ ዛሬ በኦሎምፒክ ጂምናስቲክ የወርቅ ሜዳልያ አላገኘችም።

ደስታዋ ግን ያለ ሐዘን አልነበረም። ውድድሩ ከመከፈቱ በፊት፣ በኖቬምበር 4 ቀን፣ የሶቭየት ታንኮች የሁንጋርያን ሕዝብ ዐመፅ ለመደምሰስ ቡዳፔስትን ወርረው ነበረ። ስለዚህ አግኔስ ወደ አገሯ መመለስን ትታ በአውስትራሊያ ጥገኝነት ጠየቀች። በሚቀጥለው ዓመት የማካቢያ ጨዋታ በሚባለው የአይሁድ ስፖርት በዓል ምክንያት ወደ እስራኤል ሄደች፤ በዚያውም ቀረች። እናቷንም አስመጣች። በ1959 ዓ.ም. ከሁንጋርያ የመጣውን የስፖርት መምህር ሮበርት ቢሮን አግብታ ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች።

የጂምናስቲክ ውድድር በእስራኤል ገና ያልተስፋፋ ነበረ። አግኔስ ግን ባለድልነቴን አይታችሁ አመስግኑኝ ብላ አልተቀመጠችም፤ ዊንጌት በሚባለው የስፖርት ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት አስተማረች፤ የአገሪቱንም ቡድን አሠለጠነች። ስለዚህም በ2017 ዓ.ም. የእስራኤል ሽልማት የሚባለው ታላቅ የመንግሥት ሽልማት ተሰጣት። በ2015 ዓ.ም. ወደ ተወለደችበት ከተማ ተመልሳ ስለ ነበረ፣ ጃንዋሪ 2 ቀን 2025 ዓ.ም. በቡዳፔስት ዐረፈች። 104 ዓመት ሊሞላት አንድ ሳምንት ብቻ ቀርቷት ነበረ፤ በሕይወት ካሉት የኦሎምፒክ አሸናፊዎችም ሁሉ በዕድሜ ታላቋ እሷ ነበረች።

እንግዲህ ልጆቻቸውን ለሚያሳድጉ ወላጆች ከዚህች ሴት ታሪክ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ በልጅነት የተተከለ ትምህርት በመከራ ዘመን እንኳ ከሰው የማይወሰድ ሀብት መሆኑ ነው፤ ስሟን፣ ቤቷንና አባቷን የነጠቋት ሰዎች በ4 ዓመቷ የጀመረችውን ጥበብ ከሰውነቷ ሊነጥቁ አልቻሉም፤ የተማረችውም ሙዚቃ በችግር ቀን እንጀራ ሆናት። ሁለተኛው፣ ጊዜው አለፈ የሚለውን ቃል በችኰላ አለመናገር ነው። ሴት ልጅ ሰውነቷን ብታሠለጥን ምን ይጠቅማታል የሚል ሰው ቢኖር፣ እስከ 103 ዓመቷ የኖረችውን ይህችን እናት ያስብ።