ያገለገለ ኦሲሎስኮፕ ከመግዛት በፊት

አሮጌ ሬዲዮ የሚያድስ ሰው ቮልቴጁን በመልቲሜትር ይለካል፤ የሞገዱን ቅርጽ ለማየት ግን ኦሲሎስኮፕ ያስፈልገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው ቴክትሮኒክስ 465 ኦሲሎስኮፕ ዛሬም ተፈላጊ ነው። ሁለት ቻናልና የ100 ሜጋኸርዝ አቅም አለው። የኤፍኤም ሬዲዮ መካከለኛ ፍሪኩዌንሲ 10.7 ሜጋኸርዝ ብቻ ስለሆነ፣ አቅሙ ለእድሳት ሥራ ይተርፋል።

ገዢው ብሩን ከመቁጠሩ በፊት መሣሪያውን አብርቶ 20 ደቂቃ ያህል ያቆየው፤ ብዙ ብልሽት የሚገለጠው ሲሞቅ ነው። ከዚያ ፕሮቡን ከራሱ ከመሣሪያው የካሊብሬሽን መውጫ ጋር ያገናኝ። በሁለቱም ቻናል ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ሞገድ መታየት አለበት። ማዞሪያዎቹ ሲነኩ መስመሩ ከዘለለ አብዛኛውን ጊዜ ቆሻሻ ነው፤ በጽዳት ይድናል። ስክሪኑ ከደበዘዘ ግን ቢተወው ይሻላል፤ ምትክ የስክሪን ቱቦ ማግኘት ከባድ ነው።

የፕሮቡ ግራውንድ መቆንጠጫ ከመሬት መስመር ጋር የተያያዘ መሆኑ ፈጽሞ አይረሳ! የኃይል ትራንስፎርመር በሌለው ሬዲዮ ሻሲ ላይ ማሰር አደገኛ ነው፤ ሬዲዮው መጀመሪያ በአይሶሌሽን ትራንስፎርመር በኩል ይሰካ።