ሳጥኑ «ጨው አንሷል» ሲል

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮች፣ የብርዱን ወራት ተሸፍነው የከረሙ በጨው የሚሠሩ የመዋኛ ገንዳዎች በሜይ ወር ሲከፈቱ የጥገና ባለሙያው ስልክ በአንድ ዓይነት አቤቱታ ይጨናነቃል። የመቆጣጠሪያ ሳጥኑ ጨው አንሷል ይላል። ባለሙያው ሲደርስ ባለቤቱ ብዙ ጊዜ ጨዉን ገዝቶ ገንዳው ዳር ደርድሮታል። ያኔ የባለሙያው የመጀመሪያ ሥራ ከረጢቱ እንዳይቀደድ መለመን ነው።

ሳጥኑ ጨዉን አይመዝንም። ክሎሪን በሚሠራው ሴል ውስጥ ባሉት የቲታኒየም ሳህኖች መካከል ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንዳለፈ ይለካል፤ የውኃውን ሙቀት ያክልበታል፤ ከዚያ ተነሥቶ የጨዉን መጠን ያሰላል። ስለዚህ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚያጠብ ማንኛውም ነገር፣ ብርድም ሆነ የኖራ ቅርፊት ወይም ያረጀ ሳህን፣ በሳጥኑ መስኮት ላይ የጨው እጥረት መስሎ ይታያል።

የጨው ገንዳ ከክሎሪን ነፃ አይደለም፤ ክሎሪኑን እዚያው ከጨው ይሠራል እንጂ። ብዙ አምራቾች የሚፈልጉት ከ2700 እስከ 3400 ፒፒኤም ሲሆን፣ 3200 ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውኃ ውስጥ 3.2 ኪሎ ግራም ጨው ነው። ይህ ከባሕር ውኃ ጨውነት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ክሎሪኑ ጀርሙን ገድሎ ወይም በፀሐይ ፈርሶ ሲያበቃ ተመልሶ ክሎራይድ ስለሚሆን፣ ጨዉ በሥራ ብዛት አያልቅም። ውኃው ሲተንም ጨዉ ከገንዳው ይቀራል። የሚቀንሰው ውኃው ራሱ ሲወጣ ብቻ ነው፦ ማጣሪያው ሲታጠብ፣ ዝናብ ገንዳውን ሞልቶ ሲያፈስሰው፣ ዋናተኞች ሲረጩት ወይም የሆነ ቦታ ሲያፈስ።

ስለዚህ ባለሙያው ከሳጥኑ ጋር ከመከራከሩ በፊት ውኃውን በሌላ መለኪያ ይጠይቃል። ከመመለሻ ቱቦው አፍ ርቆ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ አስገብቶ ናሙና ይቀዳል። በተለመደው የጠብታ መመርመሪያ 10 ሚሊ ሊትር ውኃ ላይ ቢጫ ማመላከቻ ይጨመርና ቀለሙ ወደ ጡብ ቀይነት እስኪዞር ድረስ ሲልቨር ናይትሬት ይንጠባጠባል። እያንዳንዱ ጠብታ 200 ፒፒኤም ነው፤ 16 ጠብታ 3200 ይሆናል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ የሚያድነው ገንዘብ ግን ብዙ ነው።

ጠብታውም ሳጥኑም አነስተኛ ቁጥር ካሳዩ ጨዉ በእርግጥ ቀንሷል። በዚህ አካባቢ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ቧንቧዎቹ በበረዶ እንዳይፈነዱ በመኸር ወቅት ውኃው ዝቅ ይደረጋል፣ በጸደይ ደግሞ በጨው አልባ የቧንቧ ውኃ ይሞላል። ስሌቱም ቀላል ነው። 60 ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ገንዳ 2600 ካሳየ፣ 3200 ለመድረስ 36 ኪሎ ግራም ይበቃዋል፤ ያ 18 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ ሁለት ከረጢቶች ነው። ሴሉ ጠፍቶ፣ ፓምፑ እየሠራ ጨዉ ይበተናል፤ አንድ ቀን ሙሉ ከዞረ በኋላ እንደገና ይለካል። ዝናብ ሳይጥል፣ ማጣሪያውም ሳይታጠብ ጨዉ በየሳምንቱ ከቀነሰ ግን የሚፈለገው የሚያፈሰው ቦታ ነው።

ጠብታው ደህና ሆኖ ሳጥኑ ብቻ ዝቅ ካለ ጨው አይነካም። መጀመሪያ ሙቀቱ ይታያል። ውኃ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በቀዘቀዘ ቁጥር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሳጥኑ ይህን እንዲያካክስ ተሠርቷል፤ ነገር ግን የሙቀት መለኪያው ተበላሽቶ 13 ዲግሪ የሆነውን ውኃ 25 ነው ካለ፣ ሳጥኑ የብርዱን ጉድለት በጨዉ ያሳብባል። በብርቱ ቅዝቃዜ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ራሳቸው ክሎሪን ማምረት ያቆማሉ፤ መድኃኒቱ ውኃው እስኪሞቅ መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ሴሉ ተፈትቶ ወደ ብርሃን ይያዛል። በሳህኖቹ መካከል ነጭ ቅርፊት ካለ፣ አንድ እጅ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በአራት እጅ ውኃ ተበርዞ ቅርፊቱ እስኪለቅ ይነከራል። ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ዓይንና እጅም ይሸፈናሉ። በቢላ መፋቅ ክልክል ነው። ቅርፊት ሳይኖር «ለማንኛውም» ብሎ በአሲድ ማጠብም ጉዳት አለው፤ ሳህኖቹን የለበሰውን የሩቴኒየም ወይም የኢሪዲየም ኦክሳይድ ሽፋን ይበላዋል።

ሳህኖቹ ንጹሕ፣ ሽቦዎቹ ጥብቅ፣ ሙቀቱ ትክክል ሆኖ ቁጥሩ አሁንም ዝቅ ካለ ሽፋኑ አልቋል ማለት ነው። ሴል እንደ አጠቃቀሙ ከ3 እስከ 7 ዓመት ያገለግላል፤ ከዚያ ይቀየራል።

ባለቤቶች እጅግ የሚጎዱት እዚህ ላይ ነው። በዚያው 60 ሜትር ኩብ ገንዳ ትክክለኛው ጨው 3200 ሆኖ ያረጀው ሴል 2000 ይላል እንበል። ሳጥኑን ያመነ ሰው 72 ኪሎ ግራም፣ አራት ከረጢት ይጨምራል። ጨዉ 4400 ይደርሳል፤ ሳጥኑ ግን በዚያው ስሕተቱ ከቀጠለ የሚያሳየው ገና 2750 ገደማ ነውና ባለቤቱ አምስተኛውን ያነሣል። ከመጠን ያለፈ ጨው የብረት መሰላሉንና የማሞቂያውን ውስጥ ያበላሻል። የተጨመረውን ለማውጣት ኬሚካል የለም። ከ4400 ወደ 3200 ለመመለስ ከውኃው ከሩብ በላይ፣ 16 ሜትር ኩብ ያህል፣ ቀድቶ በንጹሕ ውኃ መተካት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደረግም ያረጀው ሴል አሁንም መቀየሩ አይቀርም።