ፕላስቲኩን በሸክላ ስንተካ ሸክላ ሠሪዋን አንርሳ



ዛሬ በአርባ ምንጭ ብዙ ማዕድ ቤቶች በእንስራው ፈንታ ጀሪካን፣ በቅሉ ፈንታ የፕላስቲክ ጆግ ገብቷል። ፕላስቲክ ይቀላል፤ ወድቆም ቶሎ አይሰበርም። ሲያረጅ ግን አፈር አይሆንም፤ እየደቀቀ ለብዙ ዘመን ይቆያል። ዝናብ ከመንደር የሚያጥበው ቆሻሻ በኩልፎ ወንዝ አድርጎ ወደ ጫሞ ሐይቅ ይወርዳል። ትኩስ ምግብና ዘይት ሲነካውም በውስጡ ያሉ ኬሚካሎች ወደ ምግቡ ሊገቡ ይችላሉ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. የፕላስቲክ ከረጢትን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። የማዕድ ቤታችንን ዕቃ መምረጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው።

በምን እንተካው?

ሁሉንም ዛሬ መጣል አያስፈልግም። ጀሪካኑ ከከባዱ እንስራ ይልቅ ለእናቶች ጀርባ እረፍት ነው። ከትኩስ ምግብ እንጀምር። ኩርኩፋውና የሺፈራው ቅጠሉ በሸክላ ድስት ይብሰል፤ በሸክላም ይቅረብ። ትኩስ ዳቦ በፌስታል ከሚቋጠር በኮባ ይጠቅለል። ለወተት ቅል፣ ለእህልም ከደጋው የሚመጣ የቀርከሃ ቅርጫት አለ። አዲስ ሸክላ ሳይሟሽ እሳት ላይ ከወጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አሟሹት፤ በዝግታ አሙቁት፤ በጋለ ድስት ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ።

ሸክላውን የሠራችው ማን ናት?

በጋሞ ደጋ ሸክላ የሚሠሩት «ማና» የሚባሉት ወገኖቻችን ናቸው። ሴቶቹ ጭቃውን አቡክተው በእጃቸው ይቀርጹታል፤ በሜዳ እሳትም ይተኩሱታል። በልማዱ ግን «ማላ» ከሚባሉት ጋር አይጋቡም፤ በአደባባይ ሸንጎም ድምፅ ሳይኖራቸው ኖረዋል። በድስቷ ወጥ ሠርተን እየበላን፣ ከእርስዋ ጋር በአንድ ማዕድ መቀመጥን ብንጸየፍ ምን ዓይነት ክርስትና ነው? ያዕቆብ ፊት አይቶ ማድላትን ኃጢአት ብሎታል (ያዕ. 2፥1-9)። ነቢዩ ኤርምያስም የእግዚአብሔርን ቃል ሊሰማ የተላከው ወደ ሸክላ ሠሪ ቤት ነበር (ኤር. 18፥1-6)። እኛስ ቤቷ ገብተን እናውቃለን?

እንግዲህ በሚቀጥለው ገበያ አንድ ድስት እንግዛ። ድካሟን አስበን ዋጋ አናሳጣት። ለጉባኤ መስተንግዶ የሚጣል ኩባያ ከምንገዛ ከእርስዋ ዋንጫ እንዘዝ። ከሁሉ በላይ ግን ወደ ቤታችን እንጥራት፤ ቤቷም ሄደን ከማዕዷ እንቁረስ። ሸክላው ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ የተሰበረ ወንድማማችነት ግን በገበያ አይገኝም።

ጌታ ማስተዋልን ያብዛልን። አሜን።